ከካሮቱ ገጽ የጀመረችው ሴት

አንዲት አልጣሽ የምትባል ሴት ከባለቤቷ ከደርብ ጋር ከተማ ዳር ወደተሠራ አዲስ ቤት ገባች። የቀድሞ ሰፈራቸው ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ነበር። ደርብን ያንገበገበው ቤቱ ሳይሆን ለዓመታት የደከመበት የጓሮ አትክልቱ ነው። አዲሱ ቤት ከገቡ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ምግብ ሲቀርብለትም አንድ ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል።

አልጣሽ «ይህ ጓሮ ሲለመልም ይነሣል» ብላ ቆረጠች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ስላሳለፈች ስለ አትክልት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ገበያ ወርዳ በየወቅቱ ምን እንደሚተከል የሚያስተምር መጽሐፍ ገዛች። ደርብ ካሮት ስለሚወድ በቀጥታ የካሮቱን ገጽ ገለጠች። «ዝናቡ ሲይዝ ዝሩ» ይላል፤ ሰኔ ላይ ዘራች።

በቀለላት። ሐምሌ ሲገባ ግን ውኃው መሬቱ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። መስከረም ላይ ስትነቅለው የወጣው ጣት የማያህል፣ እንደ ዝንጅብል የተጣመመ ነገር ነበር። ለባሏ ልታሳየው አፈረች። በንዴት መጽሐፉን ይዛ ወደ ሻጩ ተመለሰች።

«መጽሐፍህ ውሸታም ነው» አለችው። «ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ!»

ሰውዬው ተቀብሎ አገላበጠው። የካሮቱ ገጽ በጭቃ ጣት ተዥጎርጉሯል፤ የፊተኞቹ ገጾች ግን ገና እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው።

«እናቴ፣ እነዚህንስ አንብበዋቸዋል?»

«እሱ ስለ አፈር ነው። እኔ የምፈልገው ካሮት ነው።»

«ካሮቱ ታዲያ የሚያድገው ምን ውስጥ ነው?»

አልጣሽ መጽሐፉን ከእጁ ተቀብላ ወጣች። ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አነበበች፤ ዝናቡ እንዳለፈ ዶማ አንሥታ ቆፈረች። ከስስ አፈር በታች ግንበኞች የቀበሩት ስብርባሪ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ሽቦ ሞልቷል። በጋውን ሙሉ ስትለቅም ከረመች። እጇ ተላጠ። ጎረቤቶች በአጥር በኩል እያዩ ሳቁ።

«እመት አልጣሽ፣ ወርቅ ነው የሚፈልጉት?»

«አፈር ነው የምፈልገው» አለች ቀና ሳትል።

አንድ ጠዋት ዶማዋ ሰፊ የሲሚንቶ ንጣፍ ነካ። በዲጂኖ ልትፈነቅለው ብትታገል ትንሽ ብድግ እያለ መልሶ ይተኛል። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ዲጂኖውን እንደያዘች መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«ዲጂኖውን ድንጋይ ሳታስደግፊው እንዴት ይነሣልሻል?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ደርብ ጋቢውን እንደደረበ ቆሟል። «ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። የዲጂኖውን አንድ ጫፍ ለቀቀችለት። ድንጋይ አስደግፈው ሁለቱም ተጫኑትና ንጣፉን ገለበጡት። ደርብ ቁጢጥ ብሎ ከሥሩ የወጣውን አፈር በጣቶቹ አደቀቀው።

«ጥቁር አፈር ነው ለካ!» አለ። የዚያን ቀን ምሳውን በልቶ ጨመረ።

በተከታዩ ሰኔ አብረው ዘሩ። ካሮቱም አማረ፤ የሳቁት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ደረሳቸው። ሰዎች ግን «ባልሽን ያስነሣሽው በካሮቱ ነው አሉ» ሲሏት አልጣሽ ትቆጣለች። «ካሮቱ ገና አልተዘራም ነበር» ትላለች፤ «የተነሣው ከንጣፉ ጋር ስታገል ሲያየኝ ነው።»

ብዙዎቻችን ምክር ስንሰማ ጆሯችን የሚቆመው ወሬው ፍሬው ላይ ሲደርስ ነው። ቆፍሩ፣ ልቀሙ፣ ታገሡ የሚለውን እንዘለዋለን፤ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ መካሪውን እንረግማለን። የተዘለለ ሥራ ግን እዚያው ከመሬት በታች ይቆየናል። ደግሞም የምንሳሳለት ሰው ከጎናችን የሚቆመው ፍሬያችንን አይቶ ሳይሆን ልፋታችንን አይቶ ሊሆን ይችላል።

እርስዎስ የዘለሉት ገጽ የትኛው ነው? ዛሬውኑ ይመለሱና ዶማውን ያንሡ።