ፍየል አምኖ ሰው የጠረጠረ

«አንድ ሰው ነበረ። አዋቂ ነበረ፤ ፈሪም ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ደርብ፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ እንስሳት አመዳደብ ሲያስተምሩ ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በአንድ ወገን የጀርባ አጥንት የሌላቸውን ጻፉ፤ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ባለ ስድስት እግሯን ንብ፣ ባለ ስምንት እግሯን ሸረሪት። በሌላው ወገን የጀርባ አጥንት ያላቸውን አስፍረው እነሱን ደግሞ በአምስት ከፈሏቸው፤ ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ፣ አእዋፍ፣ አጥቢ። ይሄኔ ይትባረክ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እንስሳው ሁሉ ወገን ወገኑን ይዞ ከተቀመጠ፣ ሰውስ ወገን ወገኑን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነውር አለው?»

ሲጠይቅ የሚያየው ሰሌዳውን አልነበረም። ዞሮ የሚያየው የመጨረሻውን ወንበር ነበር። ለሦስት ሰው በተሠራው በዚያ ወንበር ላይ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ስንዱ ብቻዋን ትቀመጣለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ምሳሌውን የጀመሩትም ሳቁ ሳያልቅ ነው።

መምህሩ ቀጠሉ፤ የዚህ ሰው ሙያ እንስሳትን በየወገናቸው መለየት ነበር። መልክ አያታልለውም። የሌሊት ወፍን ክንፍ አላት ብሎ ከወፍ አይደባልቃትም፤ ደረቷን ገልጦ ጡቷን ያሳይሃል። እባብን እግር የለውም ብሎ ከትል አይቆጥረውም፤ ጀርባውን ዳብሶ አጥንቱን ይቆጥርልሃል። «የት እንደሚኖርና ምን እንደሚመስል አትንገሩኝ፤ ውስጡን አሳዩኝ» ይል ነበር። የሞተ እንስሳ ፊት ሲቆም ደፋር ነበር።

አንድ ባለጸጋ ይህን ሰው አስጠራው። ባለጸጋው ከየአገሩ የሰበሰበው ቆዳና አጥንት፣ ጭድ የተጠቀጠቀ ወፍ፣ በጠርሙስ የተዘፈዘፈ ዓሣ ነበረው፤ ይህንንም ሰው እየገባ እንዲያየው ከመኖሪያው አጠገብ ቤት አሠርቶለት ነበር። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተችበት። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ቤቱም አብሮ እንዲመረቅ ፈለገ። አዋቂውም ሥራውን ጀመረ። ከባለጸጋው ጋር ገበታ ይቀርባል፣ ፍሪዳ ሲጣል ብልት ይመረጥለታል።

ልጁ ግን የሚያጠባው አጣ። ከዘመዶቹ መካከል በዚያ ጊዜ አራስ የሆነች አልነበረችም። ባለጸጋው ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኑን ታቅፎ ሲንጎራደድ ያድራል።

ልጁ በተወለደ በአምስተኛው ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ድስትና እንስራ ልትሸጥ መጣች። የራሷን ልጅ አዝላለች። የሕፃኑን ለቅሶ ስትሰማ ወተቷ ራሱ ፈስሶ ቀሚሷን አራሰው።

«ጌታዬ፣ ለሁለት የሚበቃ ወተት አለኝ። ስጡኝ፣ ላጥባው» አለች።

ባለጸጋው ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁን ይወድ ነበር። ነገር ግን ባደገበት አገር ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ከልጅነቱ ጀምሮ የበላው ወጥ የተሠራው በማን ድስት ነበር? በእነሱ ድስት! ድስቷን ያልፈራው ሰውዬ ጡቷን ፈራ። ቢሆንም ልጁ እየደከመ ነውና አመነታ። ሽማግሌዎቹና ዘመዶቹ ተሰብስበው እያዩት ወደ አዋቂው ዞረ።

«አንተ ወገን መለየት ታውቃለህ። ይህች ሴት ከእኛ ወገን ናት ወይስ ከጅቦቹ?» አለው።

የምታስፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። አዋቂው በዚያው ጠዋት የሌሊት ወፏን ከወፎቹ ጋር ያስቀመጠውን አሽከር «ጡቷን አታይም ወይ፣ ደንቆሮ!» ብሎ ሰድቦት ነበር። አሁን የሴቲቱ ቀሚስ በወተት ርሶ ከፊቱ ቆማለች። አየ፤ አወቀም። ግን ሽማግሌዎቹንም አየ። ከእኛ ናት ብል እኔንም ከእሷ ይቆጥሩኛል፣ ነገ ከገበታው የሚያስጠጋኝ የለም ብሎ አሰበ። ዝም አይነቅዝም አለ በልቡ። በአፉ ደግሞ «ጌታዬ፣ የእኔ ሙያ እንስሳ ነው። የሰውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ» አለ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። እንስራዋን አንስታ ወጣች።

ባለጸጋውስ ምን አደረገ? ፍየል አስመጣ! ጡቷን በሞቀ ውኃ እያሳጠበ ልጁን ከሥሯ አስተኝቶ አጠባው። ቀንዷን እያየ፣ ጢሟን እያየ፣ አራት እግሯን እያየ ለልጄ ትሆናለች አለ። ልጇን አዝላ እሹሩሩ የምትለዋን ግን ጅብ ናት አለ። ፍየል አምኖ ሰው ጠረጠረ! ይህን ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የፍየሏ ወተት ለልጁ አልተስማማውም። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ባለጸጋው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሌላ ፍየል አስጨመረ። አዋቂው ደግሞ በአዲሱ ቤት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። የዓሦቹን ክፍል ሲደረድር የልጁ ለቅሶ ግድግዳውን አልፎ ይሰማው ነበር። እንቁራሪቶቹ ዘንድ ሲደርስ ለቅሶው ቀጠነ። ገበሎና እባቡን ጨርሶ ወፎቹን ሲይዝ እንደ ድመት ግልገል ሲያለቅስ ይሰማል። አምስተኛውን ክፍል በሠላሳ አራተኛው ቀን ጨረሰና በሩ ላይ የሚለጠፈውን ጻፈ፤ «አጥቢዎች። የጀርባ አጥንት ያላቸው፣ ደማቸው የሞቀ፣ ልጆቻቸውን ወተት የሚያጠቡ።» ነጥቡን ሲያኖር ቤቱ ጸጥ ማለቱን አስተዋለ።

ያን ጊዜ ብዕሩን ጥሎ ሮጠ። ወንዙን ተሻግሮ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ደረሰ። ሴትዮዋ ጭቃ እያቦካች ነበር።

«ነይልኝ፤ ዛሬ በሁሉም ፊት ከእኛ ወገን ናት ብዬ እመሰክራለሁ» አላት።

«ምስክርነትህን ማን ጠየቀህ? ልጁ አለ?» አለችው። መልሱን አልጠበቀችም፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀድማው ሮጠች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲደርሱ ባለጸጋው ስለ ወገኗ ማንንም አልጠየቀም፤ ልጁን ራሱ አቀበላት። ጡቷን አጎረሰችው። ወተቱ በልጁ ጉንጭ ላይ ፈሰሰ እንጂ አልተዋጠም፤ የሚስብበት ጉልበት አልቆ ነበር።

«ምነው፣ ወተት የለሽም እንዴ?» ብሎ ባለጸጋው ጮኸባት።

«ወተቴ ያን ቀንም ሞልቶ ነበር፣ ዛሬም ሞልቷል» አለችው። «የጎደለው አፉ ነው።»

ልጁ ሳይመሽ ሞተ። ለአርባ ቀኑ የቀረው ስድስት ቀን ነበር።

መምህር ደርብ ምሳሌያቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ይትባረክ ቀረቡ።

«አሁን ጥያቄህን ልመልስልህ። ሳይንቲስት ወገን ሲለይ እጅህ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅህም። እናትህ ጭቃ ታቡካ፣ ቅኔ ትቀኝ፣ ግድ የለውም። አጥንት አለህ ወይ፣ ደምህ ይሞቃል ወይ፣ ወተት ጠብተሃል ወይ ይልሃል። ይኸው ሰሌዳው! ተነሥና ፈልግ። ሸክላ ሠሪ የሚባል ክፍል ካገኘህ እኔ ዛሬውኑ ማስተማሬን እተዋለሁ። የሌሊት ወፍና ዝሆን፣ አይጥና አንተ በአንድ ክፍል ተቀምጣችኋል። ከአይጥ ጋር ስትቀመጥ ያልከፋህ ሰውዬ ከስንዱ ጋር መቀመጥ ከፋህ? ሰውን በወገን ላስቀምጥ ካልክ ወገኑ አንድ ነው፤ ወንበሩም አንድ ነው!»

ይትባረክ አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ ቲቸር… እቤትም እንደዚያ ነው የሚሉን» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ባለጸጋውም እቤት የሰማውን ነው የደገመው። በአንተ ላይ የጮኽሁት የቁጣዬን ግማሽ ነው።» ቁጣው አሁንም አልወጣላቸውም። «ሌላው ግማሽ የእኔ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አዋቂው ማን ይመስልሃል? ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምራ ለብቻዋ ስትቀመጥ አይቻለሁ። አሁን ታኅሣሥ ነው። በየቀኑ ገብቼ ስለ አጥንትና ስለ ወተት አስተምሬ እወጣለሁ፤ ወላጆች እንዳይቀየሙኝ ብዬ ወደዚያ ወንበር ዞሬ አላውቅም። የአዋቂ አጥፊ ማለት እኔ ነኝ። ስንዱ፣ ይቅር በይኝ። አንተ ግን ዘግይተህ እንዳትሮጥ ደብተርህን ይዘህ ተነሥ። ሂድና መቀመጥ እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቃት። እምቢ ካለችህ ቆመህ ትማራለህ።»

ይትባረክ ደብተሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደ። የሚስቅ አልነበረም።

«መቀመጥ እችላለሁ?» አለ።

ስንዱ ቀና ብላ አየችው።

«እስከ ዛሬ ማን ከለከለህ?» አለችው።