የዳማው ሰኮና

በሰርግ ይሁን በገበያ፣ ሰው ቸኩሎ ሲሳሳት እየሳቁ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ይወርውሯት፤ አባባል ሲፈጠርስ ለዚያው አይደል! ግን ይቺኛዋ ከሐዘን ድንኳን እንደወጣች የሚያውቅ ሰው ሲናገራት አይስቅም።

ነገሩ የሆነው ገብስማ በምትባል ደጋ አገር ነው። እዚያ አንዳርጌ የሚባል ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ታሞ ተኛና መስከረም ሲጠባ አረፈ። ለሚስቱ ለጥሩአየር የቀሯት ሁለት ናቸው፤ አንድ ልጇ ስማቸውና አንዳርጌ በእጁ ያሳደገው፣ ገና ጉግስ ያልወጣ ዳማ ፈረስ። ከሁለቱ ማጣት የማትችለው ስማቸውን ነበር፤ እሱም ቢሆን ካባቱ ፈረስ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም።

በዚያ አገር ለፈረስ የብረት ጫማ አይመታለትም። ጫማው ያው ሰኮናው ነው። ስለዚህ አንዳርጌ ጤነኛ ሳለ ዳማውን ደረቅ መሬት ላይ ያቆምና አራቱንም እግሩን በየተራ ያነሣ ነበር። ጥሩአየር ልጓሙን ትይዝለታለች። እሱ ጭቃውን በእንጨት ይጠርጋል፣ ያሸታል፣ ሙቀቱን በመዳፉ ያያል፤ ከዚያ ያደገውን ጠርዝ በሞረድ ጥቂት በጥቂት ያወርዳል።

«ይኼ ገና ልጅ ነው» ይላት ነበር። «ሰኮናው ዛሬ ከተጣመመ ነገ አጥንቱንም ይዞት ይጣመማል።»

እሱ ሲተኛ የዳማውን እግር የሚያነሣ ጠፋ። ጥሩአየር በሽተኛ ታገላብጥ ወይስ ጋጣ ትውረድ? ስማቸው እንደሆነ ፈረሱን ገብስና ባቄላ ያጠግበዋል፣ ጋማውን ያበጥርለታል፤ ከጉልበቱ በታች ግን አይቶት አያውቅም። ዳማው ክረምቱን በሙሉ ጭቃና ፋንድያ ላይ ቆሞ ከረመ።

አንዳርጌ ተቀብሮ ለቀስተኛው ሲቀንስ ጥሩአየር ጋጣ ወረደች። የፊት ግራ እግሩን ብታነሣው ሰኮናው ረዝሞ ጫፉ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ከጫፉ የተነሣ ስንጥቅ ወደ ጠጉሩ እየወጣ ነው። የተጠቀጠቀውን ጭቃ በእንጨት ብትጠርገው ጥቁር ውሃ ወጣ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። መዳፏን ብታሳርፍበት ይፋጃል። ዳማው እግሩን ነጠቃት።

«ወይኔ! ባሌ እንዳያይህ» አለችና ሞረዱን ከግድግዳው አወረደች። ዞር ስትል የባሏ ታላቅ ወንድም ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሰኮናው በስብሷል፣ አያ። ላወርድለት ነው።»

«አብደሻል እንዴ? ልጁ እንኳ ጠጉሩን አልተላጨ! የወንድሜ አርባ ሳይወጣ ፈረሱን በብረት ልትነኪ?»

የገብስማ ሕግ እንዲያ ነበር። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱም ሐዘንተኛ ነው። አርባው እስኪወጣ ድረስ የልጁን ጠጉር፣ የፈረሱንም ጋማና ሰኮና ብረት አይነካውም። ሐዘን የደፈረ ቤት ሁለተኛ ሐዘን ይጠራል ይሉ ነበር።

«አያ፣ ሐዘኑ እኮ የኔ ነው። ባሌ ቢነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የዚህን እግር ነው።»

«ቢነሣማ እኔስ ምን አጣሁ! አልተነሣም። አምጪ ሞረዱን።»

ሰጠችው። ምን ታድርግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ያገር አፍ ይከብዳታል። ብቻ በየማለዳው ሰኮናውን በእንጨት እየጠረገች ከጭቃ አውጥታ ደረቅ አመድ ላይ ታቆመው ጀመር። ሽታው ቀነሰ። ስንጥቁ ግን ወደ ላይ መውጣቱን አልተወም።

አርባው ቀረበ። በገብስማ ደንብ በዚያ ቀን ልጅ ያባቱን ፈረስ በግላስ አስጊጦ ድንኳኑን ይዞራል፣ ከዚያም ሜዳውን ይጋልባል። ጥሩአየር በዋዜማው ልጇን ጠራችው።

«ልጄ፣ እኔ ልሙትልህ፣ ነገ አትጫነው።»

«ምን ሆነና እማዬ? ይበላል፣ ይጠጣል። አንገቱን እይው እስቲ!»

«አንገቱን ተወውና እግሩን እይ።»

ዳማውን ከሳሩ ወደ ድንጋዩ ሳበችው። ሳሩ ላይ ደህና ረገጠ። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ የግራ እግሩን ነካ አድርጎ ቶሎ አነሣ፣ ራሱንም ነቀነቀ።

«አየኸው? ያመዋል።»

«ያንዳርጌ ልጅ ፈራ ይሉኛል እኮ፣ እማዬ።»

«ይበሉህ! ሲሉህ እኔ አለሁ። ልጓሙን ይዘህ በእግርህ አዙረው። ከነገ ወዲያ አንተ ጠጉርህን ስትላጭ እኔ ሰኮናውን ማውረድ እጀምራለሁ። ቀስ ብለን ካደረስነው ለጥምቀት ትጋልበዋለህ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«ባባቴ አጥንት!» አላት፤ እሷም ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

በአርባው ቀን ሜዳው በሰው ጠቆረ። ስማቸው ቃሉን ጠብቆ በቀይ ግላስ ያጌጠውን ዳማ እየሳበ በእግሩ ድንኳኑን ዞረ። ሰዉ ተጉረመረመ። ደምመላሽ ፊቱን አዞረ። ይኼኔ ውድነሽ ተነሣች። ውድነሽ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ድምጿን ካወጣች ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ወደ ዳማው እጇን ዘርግታ፣

«የአንዳርጌ ዳማ አንገቱን ቀለሰው፣
ለዚህ ሸጋ አንገት ጠፋ ወይ አንድ ሰው?»

ብላ አወረደችው። ሰዉ «ወይ አንዳርጌ!» እያለ ደረቱን ደቃ። ደምመላሽ ጎራዴውን መዘዘና ፎከረ። «ሰው ጠፋ ወይ? ሰው ጠፋ?» እያለ ልጁ ፊት ተንጎራደደ። ስማቸው እናቱን ፈለጋት። ጥሩአየር ከሴቶቹ መሀል ራሷን ወዘወዘችለት፤ አይሆንም፣ ልጄ፣ አይሆንም። አያት። ግን የሃያ ዓመት ደም ምን ይሰማል? እርካቡን ረገጠና ወጣ።

እልልታው ሰማይ ነካ። ዳማው ሳሩ ላይ በረረ። ጥሩአየር ዓይኗን ጨፍና ኮቴውን ታዳምጥ ነበር፤ ሦስቱ ይጠነክራሉ፣ አንዱ ይሳሳል። ሜዳው አልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ሲጀምር ያ የሳሳው ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ።

ሰኮናው ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ዳማው በጉልበቱ ተደፍቶ በአንገቱ ተገለበጠ፣ ስማቸው ከኮርቻው ሥር ቀረ። ሰዎች ደርሰው ሲያወጡት ትንፋሹ አልነበረም። ፈረሱ በሦስት እግሩ ሊነሣ ይታገላል፤ በመጨረሻ ደምመላሽ ጠመንጃ ተቀብሎ ገላገለው።

«ዓይን ነው» አለ ጠመንጃውን እየመለሰ። «ዓይን በላው ልጃችንን!»

ጥሩአየር የልጇን ራስ ከጭኗ ላይ አውርዳ ነጠላዋን ደርባበት ተነሣች። አላለቀሰችም። ደምመላሽን በእጁ ይዛ የሞተው ፈረስ ዘንድ ወሰደችው።

«ያንን እግር አንሣው፣ አያ።»

አነሣው። ስንጥቁ ጠጉሩ ድረስ ወጥቶ ውስጡ ጠቁሯል፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ አየው፣ ሸተተውም።

«አሁንስ፣ አያ፣ ብረት ይነካዋል?»

ደምመላሽ እግሩን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያባትየው ድንኳን ገና አልተነቀለም ነበርና ስማቸውን ተሸክመው እዚያው አስገቡት። ሰዉ ተሰብስቦ ውድነሽ ሙሾ እስክታወርድለት ጠበቀ። ውድነሽ ግን ያን ቀለስ ያለ አንገት ያወደሰ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደያዘች ዜማ በሌለው ድምፅ ይቺን ብቻ አለች፦ «አንገት አይተው ጫኑ፣ ሰኮና ሲያዩ አዘኑ።»