የእንጉዳይ ጥያቄ

አንዲት ሴት ነበረች። ለልጆች መጻሕፍት ትጽፋለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ታሪኳን አልነግራችሁም ነበር፤ የክፉ ሰው ታሪክ ምን ይፈይድላችኋል? «እኔ እንኳ እንደሷ አይደለሁም» ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።

ይህች ሴት መጽሐፎቿን በካርቶን ይዛ በየትምህርት ቤቱ ትዞራለች። ልጆቹን ሰብስባ ታነብላቸዋለች፣ ታጫውታቸዋለች። አንድ ጊዜ ወሎ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደች። ያን ቀን ያነበበችላቸው፣ እናቷ ለሥራ ርቃ ስለሄደችባት ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻው ገጽ በሩ ይንኳኳል፤ ልጅቷ ስትከፍተው እናቷ ቆማለች። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። የእኛን ነገር ታውቁት የለ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ልጅም ይመረጣል። መምህራኑ አምስት ጎበዝ ተማሪዎች ፊት አስቀምጠው፣ ጥያቄውን ራሳቸው በወረቀት ጽፈው አስጠንተዋቸዋል። «ለኢትዮጵያ ሕፃናት ምን መልእክት ያስተላልፋሉ?» ይላል አንዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ሴትዮዋም ነገሩ ገብቷታል፤ ግን መምህራኑን ላለማስቀየም ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰች።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታለች። ያልተመረጠች ናት። ክንዷ ሲዝልባት በሌላኛው እጇ ትደግፈዋለች። ሴትዮዋ አየቻት። አላየችም አልላችሁም፤ አየቻት።

ግን ርዕሰ መምህሩ ምሳ ቀርቧል፣ ጥብሱም እየቀዘቀዘ ነው አሉ። ተሰናድቶላት የሚጠብቃትን ምሳ እንዴት ታስቀር? ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ያንቺን በሚቀጥለው እሰማለሁ። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» አለቻት።

ፋሲካ አለፈ። አልሄደችም። ሥራ በዛባት፣ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገባባት፣ ጉንፋን ጣላት። እናንተስ ቃላችሁን ስታጥፉ ምክንያት አጥታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ነገ ስትል ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።

ስትመለስ ልጅቷን በዓይኗ ፈለገቻት፤ የለችም። አብራት ትቀመጥ የነበረችውን ፈንታዬን ለብቻዋ ጠርታ ጠየቀቻት። የልጅቷ ስም እንጉዳይ ነው። አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። እናቷ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ሴትዮዋ፣ ያን ቀን ምን ልትጠይቀኝ ነበር አለች።

«መጽሐፉ ላይ ያለችው ልጅ ምን ብታደርግ ነው እናቷ የመጣችላት ብላ ልትጠይቅዎት ነበር» አለቻት ፈንታዬ።

ከፋሲካ በኋላ መኪና ግቢ በገባ ቁጥር እንጉዳይ በመስኮት ታይ ነበር አሉ። ክረምት ሲገባ እናቴን ራሴ ፈልጌ አመጣታለሁ ብላ፣ ከደላላ ጋር በጅቡቲ መንገድ ወጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እስከ ዛሬ ወሬዋ አልተሰማም።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ሴትዮዋ ናት፤ ለሌላው ይንገሩልኝ ብላኛለች። «አባ፣ አምስት ደቂቃ ነበር እኮ» አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

አምስቱ ደቂቃ ልጅቷን ከመንገድ ያስቀራት ነበር? አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን «የኔ ልጅ፣ እናትሽ የቀረችው አንቺ ያጎደልሽው ነገር ኖሮ አይደለም» የሚላት አንድ ሰው ታገኝ ነበር። ያቺ ልጅ ይህን ሳትሰማ ነው የሄደችው።

እናንተስ ወገኖቼ? ዛሬ ጠዋት ልጃችሁን «ቆይ» ብላችሁት አልመጣችሁም? አንተ አባት፣ ስልክህን እያየህ «እሺ፣ እሺ» ስትለው ምን እያለህ ነበር? ታስታውሳለህ? ደግሞ ከገጠር አምጥታችሁ ቤታችሁ ያስቀመጣችኋት፣ አሁን ምሳችሁን እየሠራች ያለችውስ? እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?  ይህን የምለው ለራሴም ቤት ነው።

ጌታችን መንገድ ላይ ሳለ ሁለት ዕውራን ሲጠሩት ቆሟል። ሕዝቡ ዝም በሉ እያለ እሱ ቆሟል። እኛስ በጭንቀታችን ቀን ስንጮኽ «በሚቀጥለው» ቢለን ምን ይውጠን ነበር?

ለስብከቱ ገና ሃያ ደቂቃ ነበረኝ፤ አልጠቀምበትም። በሉ ሂዱ። ቤት ስትገቡ ማዕዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጠይቋቸው። ሲናገሩ ደግሞ አታቋርጧቸው።