ሽምብራውና ላባው

አንድ ሐኪም፣ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን በማይነሣባት የሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ሥራው የተሰበረ መንጋጋ መጠገን ነው። አጥንቱን አጋጥሞ በቀጭን ብረትና በትንንሽ ብሎን ያስረዋል። ከሁለት ወር በኋላ ታካሚው አደባባይ ቆሞ የተቆላ ሽምብራ ይቆረጥማል። ሽምብራው ቀጭ ካለ እልል ይባልና "ድኗል!" ተብሎ ይሸኛል። ሽምብራ ዳኛ ሆኖ የተሾመበት አገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ትርንጎ የምትባል እናትም በቅሎ ረግጣት መንጋጋዋ ተሰብሮ ነበርና እሱ ጠገናት። ቀኗ ሲደርስ ሽምብራውን ቀጭ አደረገችው። ሰው እልል ብሎ ሲበተን እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ምነው ትርንጎ፣ የጎደለ ነገር አለ?" አላት ሐኪሙ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አጥንቴ ድኗል። ግን ልጄ ስትስመኝ አይሰማኝም። ከንፈሬና አገጬ የሌላ ሰው ሆነውብኛል። ወተት ስጠጣ በአገጬ ሲወርድ እንኳ አላውቅም፤ የምትጠርግልኝ እሷው ናት።"

"ሽምብራውን እኮ ሰበርሽው!"

"አፍ የተሰጠኝ ሽምብራ ልቆረጥምበት ብቻ ነው እንዴ ጌታዬ?"

ሐኪሙ ተቀየመ። ከምሳ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለ ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። በትርንጎ መንጋጋ ውስጥ ይሄዳል። አጥንቱ እንደ ዋሻ ነው፤ ነጭና ረጅም። ወለሉ ላይ አንድ ቀጭን ክር ተዘርግቷል፤ በክሩም ላይ ትንንሽ መብራቶች በቀስታ ይጓዛሉ። አንዱ የወተት ሙቀት ነው፣ አንዱ የማለዳ ብርድ፣ አንዱ የልጅ መሳም። መሃል ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆመዋል። የእሱ ብሎን ክሩን ተጭኖታል። መብራቶቹ አያጉረመርሙም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሐኪሙ እያለቀሰ ነቃ።

ወዲያው ወደ ቤቷ ሄደ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥንቱን አየሁ እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን ነርቭ አላየሁም። ከፈቀድሽልኝ ላስተካክለው ልሞክር።"

"ይመለሳል?"

"አላውቅም" አላት። ይህን ቃል ለታካሚ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ትርንጎ ፈቀደችለትና መንጋጋዋን ዳግም ከፈተው። ነርቩ ተጨፍልቆ ነበር እንጂ አልተበጠሰም። አጥንቱ ገጥሞ ነበርና ብረቱን ከነብሎኑ ቀስ ብሎ አወጣው። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር።

በስድስተኛው ወር፣ ይሰማት እንደሆነ ሊፈትን የዶሮ ላባ አሳያትና ዓይኗን አስጨፍኖ አገጯን ሊነካ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ግን ቀደመችው፤ ተንጠራርታ የእናቷን ከንፈር ሳመች።

"ይሄ ላባ አይደለም" አለች ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ይቺ ልጄ ናት።"

የከንፈሯ አንድ ጥግ እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው። ሐኪሙም ከዚያ ወዲህ ብሎን ከማንሣቱ በፊት ነርቩ የት እንዳለ ይፈልጋል፤ በአደባባዩም ከሽምብራው ጎን ላባ ይቀመጣል።

እኛም ልጅ ስንቀጣ፣ የተጣላ ስናስታርቅ፣ ነገሩ ቀጥ ማለቱን አይተን እልል እንላለን። የተሰበረን ማቃናት ትልቅ ሙያ ነው፤ ግን ስናቃና በውስጡ ያለውን ቀጭን ነገር ከተጫንነው፣ ያቃናነው ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። እስቲ አንተ በቅርቡ ያቃናኸው ሰው ማን ነው? ሲስሙት ይሰማው እንደሆነ ጠይቀኸዋል?