ፈታኙ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ

በአንድ ወቅት፣ ውሃ በሳምንት አንዴ በፈረቃ በሚደርሳት አንዲት ከተማ፣ ጥጋቡ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ መዘውር ቢሰጧቸው ግን ገመዱ በየት በኩል እንደሚገባ አያውቁም። በዚህ አንጀቱ አርሮ የወረቀት ፈተናውን እርግፍ አድርጎ ተወው። «ከእንግዲህ ሠርታችሁ አሳዩኝ። በዓይኔ ላየሁት እንጂ ለተነገረኝ ማርክ አልሰጥም» አለ።

ፈተናው በግቢው ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ደለል የሚያወጣ መሣሪያ መሥራት ነበር። የዋዛም አልነበረም። አንድ የቴክኒክ አዳሪ ትምህርት ቤት በፈተናው አንደኛ ለሚወጣው ተማሪ ነፃ የትምህርት ቦታ ሰጥቷል። አንድ ቦታ ብቻ። የአሸናፊው ስምም በፈተናው ቀን ከሰዓት መላክ ነበረበት።

ቦታውን አጥብቀው የፈለጉት ሦስት ናቸው። ዘቢባ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ መዘውር ሠርታ በጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ሰቀለች። እንየውም መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ባልዲ ተሰበረበትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ሸጋው ደግሞ የትኛው እንጨት ስንት ኪሎ እንደሚችል ያሰላበትን ሁለት ገጽ ብቻ ይዞ መጣ። መምህሩ «ይኼማ ያው ወረቀት ነው» ብሎ ገጾቹን መለሰበት።

ከዚያ የዘቢባን ባልዲ ራሱ ደለል ሊሞላ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የዛገው መሰላል ተቆረጠ፤ መምህሩ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወዲያው ጉድጓዱን የሚሞላው ቧንቧ ውሃ ይተፋ ጀመር። ለካ የዚያ ሳምንት ፈረቃ አንድ ቀን ቀድሞ ኖሯል! መዝጊያው ዝጎ አልዞር አለ። ሰውዬው ከሥር ሆኖ ሰማዩን በጠባቧ አፍ ያያል፤ ፈራ፣ በጣም ፈራ።

እንየው ማንንም ሳይጠይቅ በዘቢባ መዘውር ገመድ ተንሸራቶ ወረደ። አባቱ የጭነት መኪና ላይ ዕቃ አሳሪ ስለሆነ ቋጠሮ ያውቃል። «ቲቸር፣ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ያድርጉ» አለና በብብቱ ሥር አዙሮ አሰረው። ገመዱ ሁለት ሰው ስለማይችል እሱ እታች ቀረ። ውሃው ወገቡ ደርሷል።

ዘቢባ ከሁለት ልጆች ጋር ሆና በመዘውሯ ሳበች። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ነው፤ ከሦስት ሰው በላይ አያስቆምም። ያለ መዘውሩ ደግሞ ያን የሚያህል ሰው ሦስት ልጆች ንቅንቅ አያደርጉትም። መምህሩ ከውሃው ተነሣ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ሸጋው «አቁሙ! እንጨቱ ሊሰበር ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እንየው እኮ እየሰመጠ ነው!» አለችው ዘቢባ።

«ከጎተታችሁ ሁለቱም ይሞታሉ!»

አቆሙ። ሸጋው አጥር ሥር ወድቆ የነበረውን የጎል ብረት ጎትቶ አምጥቶ እንጨቱን እስኪደግፍ ድረስ መምህሩ ተንጠልጥሎ ቆየ። ውሃው የእንየው አንገት ደረሰ። ከዚያ መምህሩ ወጣ፤ ቀጥሎ እንየው ወጣ። እንጨቱን ሲያዩት መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ ያቆመው ብረቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ እግሩ ታስሮ በርዕሰ መምህርቷ በወይዘሮ ይርገዱ ቢሮ ተቀመጠ። ሦስቱም ልጆች ተጠሩ።

ዘቢባ «ፈተናው መሣሪያ መሥራት ነበር። ያወጣዎት የእኔ መሣሪያ ነው» አለች።

እንየው «በዓይንዎ ያዩት እኔን ብቻ ነው» አለ።

ሸጋው «ቲቸር፣ ያ የመለሱብኝ ወረቀት ነው ያተረፋችሁ» አለ።

መምህሩ ስም የሚጻፍበትን ባለ አንድ መስመር ቅጽ ወደ ራሱ ሳበ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። «ሦስቱንም ብጽፍስ?» ሲል ጠየቀ።

«አዳሪ ትምህርት ቤቱ ቅጹን ይመልሰዋል፤ ቦታውም ለሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል» አሉት ወይዘሮ ይርገዱ። «አንድ ስም፣ መምህር። ፖስታው ሊሄድ ነው።»

«ጉድጓዱ ይሻለኝ ነበር» አለ መምህሩ፤ «እዚያ የሚያወጣኝ አላጣሁም።» እስክሪብቶውንም አነሣ። ሦስቱ ልጆች እጁን እያዩ ቆመዋል።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። እንግዲህ ፈታኞቹ እናንተ ሁኑ፤ እናንተም እንደሱው ከላይ የሆነውን በዓይናችሁ አላያችሁም። በዚያች አንዲት መስመር ላይ የማን ስም ይጻፍ?