እንግዳ ሲመጣ የሚበራ መብራት

አንድ ሰው ነበር፤ ቤቱ ሐዋሳ ነው። ሐይቁን በእግሩ ሄዶ ማየት የሚችል ሰው፣ ዓሣ በመስታወት ሣጥን አምሮት ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠ። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ደስ ካለው ያስቀምጥ። ነገሩ ሌላ ነው።

የእኛን ሳሎን መቼም ታውቁታላችሁ። ሳሎን የማን ነው? የእንግዳ ነው። ሶፋው ልብስ ለብሶ ይውላል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገፈፍለታል። ጥሩው ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ባለቤቶቹ በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣሉ። ትስቃላችሁ? ሳቁ። የራሳችሁ ቤት ነው።

ሚስቱ በላይነሽ ትባላለች። ዓሣው የእሱ ነበር፤ እሷ የወደደችው ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ተክል ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ውሃው በተነቃነቀ ቁጥር የሚወዛወዝ። በገዛ እጇ አሸዋው ውስጥ ተከለችው። ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የምትለው ተክሉን ብቻ ነበር።

መብራት ሊገዙለት አብረው ሄዱ። ሻጩ ነጭና ሰማያዊ አወጣላቸው። «ሕይወት ያለው ተክል ካላችሁ ነጩን ውሰዱ» አለ። «በየቀኑ ስምንት ሰዓት ያህል ይብራለት። ሰማያዊው ዓሣውን ያሳምረዋል እንጂ ተክል አያኖርም።»

ባልየው ምን ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «እንግዳ ሲገባ ዓይን የሚስበው የቱ ነው?»

በላይነሽ «ነጩ ይሻላል፤ ተክሉ እንዳይሞትብን» አለች። «ዓሣ ነው የገዛሁት፤ ሣር አልገዛሁም» አላት። ሻጩ ፊት ስለነበረ ግን ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። ሰማያዊው ተገዛ።

እሱስ ቢሆን መቼ ነው የሚበራው? እንግዳ ሲመጣ። በር ሲንኳኳ ሰውዬው መጀመሪያ ማብሪያውን ይጫናል፤ ከዚያ በሩን ይከፍታል። ሳሎኑ ይደምቃል፤ እሱም አብሮ ይደምቃል። «በሊዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ለእንግዶቻችን ምን እንስጣቸው?» ይላል። እንግዳው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋል፤ የሰውዬውም አፍ አብሮ ይዘጋል። ራቱን ይበላል፤ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። «ዛሬ አሞኛል» ስትለው «እና ተኚያ» ነው መልሱ። ቀና ብሎ አያያትም።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው ይሄ ነው።

ተክሉስ? በአንድ ቀን አልሞተም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ገረጣ። ቀጥሎ ሳሳ። በኋላ ስትነካው ጣቷ ላይ እየሟሟ ይቀር ጀመር። ለመነችው፤ «ነጩን እንግዛለት፤ ቀን ቀን ይብራለት» አለችው።

«ማን ሊያየው ነው የሚበራው?» አላት።

ይህን የተናገረው ስለ መብራት ብቻ ይመስላችኋል?

በላይነሽ ልብሷን ሸክፋ እህቷ ቤት ገባች። እንግዲህ ሽማግሌ ተላከ፤ አንዱ እኔ ነኝ። እሷም ለሽማግሌ ክብር ብላ፣ ከእኛ ጋር ተመልሳ ቤቷ ገባች። ሳሎኑ ሙሽራ መስሎ ጠበቀን። መብራቱ በርቷል፤ ዓሣው ያብረቀርቃል፤ ሣጥኑ በለምለም ተክል ተሞልቷል። «በሊዬ፣ ቁጭ በይ የኔ እናት፣ ደክሞሻል» ይላታል፤ ትራስ ያስተካክልላታል።

ከመካከላችን ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ላሊሶ ናቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ባል ትተሽ የት ትሄጃለሽ? አይመታሽ፣ አይሰክር» አሏት። «ቤትሽን ተመልከቺው እስቲ፤ ገነት እኮ ነው።»

በላይነሽ ወደ ሣጥኑ አመለከተች። «ጋሼ» አለች፣ «እጅዎን ያስገቡና ተክሉን ይንኩት።»

ጋሽ ላሊሶ እጅጌያቸውን ሰብስበው አስገቡ። ፕላስቲክ ነው። መምጣታችንን ሰምቶ ገዝቶ የሰካው ፕላስቲክ።

«የእኔን ነቅሎ ጥሎታል» አለች። «ይሄኛው መብራት አይፈልግም፤ አይሞትበትም፤ እናንተ ስትመጡ ያምርለታል። አባቶቼ፣ እናንተ ስትወጡ ከእኔ ጋር የሚቀረውን ሰው አታውቁትም። አዎ፣ አልመታኝም። ቢመታኝ ለእናንተ የማሳየው ሰንበር ይኖረኝ ነበር።»

ባልየው ምን አለ? «ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ። ያ ሁሉ ተነግሮት የታየው የእኛ መኖር ነው። እሷ ተነሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እኛም የቀረበልንን ለስላሳ ጠጥተን ወጣን። በሩ ከኋላችን እንደተዘጋ መብራቱ ጠፋ።

ወገኖቼ፣ አሁን በሆዳችሁ «ይብላኝ ለእሱ» እያላችሁ ነው አይደል? ተዉት። እሱ እዚህ የለም። እዚህ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

እዚህ ይዛችሁት የገባችሁት ፈገግታ የት ነው የሚያድረው? ለጎረቤት የሚለሰልሰው ድምፃችሁ ለሚስታችሁ ሲሆን ለምን ይሻክራል? እናንተስ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ስማቸው ተቆላምጦ የሚጠራው እንግዳ ሲኖር ብቻ ከሆነ ምን ተረፋቸው? እናቱን በሕይወት ሳለች ጠይቋት የማያውቅ፣ ስትሞት ግን ትልቅ ድንኳን የሚያስጥል ስንት አለ በመካከላችን?

ሰው በበዓል ንግግር አይኖርም። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ ለመናገር እንኳ አቅም አጥታችሁ፣ ማንም ሳያያችሁ በምትናገሯት አንዲት ደግ ቃል ነው የሚኖረው። ነገም እንደገና። ከነገ ወዲያም። ይሰለቻል? ይሰለቻል። ፍቅር የምትሉት እሱ ነው።

እግዚአብሔርንም እንግዳ አታድርጉት። እሱ እንግዳው ከወጣ በኋላ የሚቀር የቤት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ የምትናገሩትን ይሰማል። ዝም የምትሉትንም ይሰማል።

«አሜን» አላችሁ? አትበሉኝ። ለእኔ አሜን ማለት ምን ይከብዳል? ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል፤ ዛሬ ጠዋት የተባባላችሁትን እናንተ ታውቃላችሁ። ይቅርታ መባባል ያለባችሁ እርስ በርሳችሁ ነው። እዚህ ሰው ፊት አይሆንልንም ካላችሁ ቤት ግቡ፤ በሩን ዝጉና በሉት። ዛሬውኑ ግን በሉት። ያ ሰው አሁን በሩን ዘግቶ የሚናገረው ብዙ ቃል አለው፤ የሚሰማው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የለም።