ደርበው አጥብቆ የዘጋው ቫልቭ

ቅረቡ፤ አንድ እምቢተኛ ቫልቭ ባለቤቱን ስንት ደጅ እንዳስጠናው ልንገራችሁ።

የደርበው ሚስት ትርንጎ ሴት ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን ሙቅ ውሃ አማራት። «ደርቤ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፤ ብታጠብ ይለቀኝ ነበር» አለችው። ደርበው ለዚህች ሴት ነፍሱን ብትጠይቀው የማይሰስት ሰው ነው። ችግሩ፣ ምጥ የያዛት ዕለት ተደናግጦ፣ ቦይለሩ ይፈነዳል ብሎ፣ የሙቅ ውሃውን ቫልቭ ባለ በሌለ ኃይሉ ዘግቶት ነበር።

«ቫልቭ ሆይ፣ ተከፈት፤ ትርንጎ ትታጠብ» አለው። ቫልቩ፣ «ፒንሳ ካልጠመዘዘኝ አልከፈትም» አለ።

«ፒንሳ ሆይ፣ ጠምዝዝ፤ ቫልቩ አልከፈትም አለ፣ ትርንጎም አልታጠበች።» ፒንሳው፣ «ዘይት ካላለሰለሰው አልጠመዝዝም፤ ጥርሴ ይረግፋል» አለ።

«ዘይት ሆይ፣ አለስልስ፤ ፒንሳው አልጠመዝዝም አለ፣ ቫልቩ አልከፈትም አለ፣ ትርንጎም አልታጠበች።» ዘይቱ፣ «ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ በላባ ካልሆነ አልገባም» አለ።

«እሜቴ ዶሮ፣ አንዲት ላባ ስጪኝ፤ ዘይቱ አልገባም አለ፣ ፒንሳው አልጠመዝዝም አለ፣ ቫልቩ አልከፈትም አለ፣ ትርንጎም አልታጠበች።» ዶሮዋ፣ ያቺ ቅምጥል፣ «የእትዬ አስካለን ስንዴ ካልበላሁ ላባ አልሰጥም» አለች።

እትዬ አስካለ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው። ደርበው በራቸው ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እፍኝ ስንዴ ይስጡኝ፤ ዶሮዋ ላባ አልሰጥም አለች፣ ዘይቱ አልገባም አለ፣ ፒንሳው አልጠመዝዝም አለ፣ ቫልቩ አልከፈትም አለ፣ ትርንጎም አልታጠበች።»

እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ለአራሷ ገንፎ ሰፈሩን ሁሉ ስትጠራ እኔን ዘለልከኝ። እልልታዬን ሳላደርስ ስንዴ አልሰጥም።»

ደርበው ክው አለ። በዚያ ድንጋጤው የሩቁን ሁሉ ጠርቶ የቅርቡን ረስቷል። «አጥፍቻለሁ እትዬ፤ ይምጡና ልጅቷን ይቀፏት» አለ።

መጡ፤ አቀፏት። ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው፤ እትዬ አስካለ ግን ሦስት ቀን ተጠራቅሞባቸው ነበርና ሰባት አደረሱት። ያኔ እሳቸው ስንዴ ሰጡ፣ ዶሮዋ ላባ ሰጠች፣ ላባው ዘይቱን አስገባ፣ ዘይቱ አለሰለሰ፣ ፒንሳው ጠመዘዘ፣ ቫልቩ ተከፈተ፣ ውሃውም እየጨሰ ወረደ።

ደርበው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሞቀሽ?» አላት።

«ሞቀኝ» አለች ትርንጎ ከውስጥ። «ደርቤ፣ ሁለተኛ ምጥ ሲይዘኝ ግን ቫልቩን ተወውና እጄን ያዝ።»